ቀጨኔ የሄድኩት ሰርቨር ላስተካክል ነበር

ጠዋት 1፡30፣ ገርጂ

ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፔንና ጃንጥላዬን ይዤ ከቤት ወጣሁ። የምሄደው ቀጨኔ ወዳለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነው። ክሊኒኩ ለስኳር ሕሙማኑ በየጠዋቱ «መርፌዎን የሚወጉበት ሰዓት ነው» የሚል አጭር መልእክት በስልክ ይልካል። መልእክቱን የሚያከፋፍለውን ሰርቨር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሥራውን ሁሉ ከቢሮዬ ሆኜ በኢንተርኔት ስለጨረስኩት ክሊኒኩን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ዛሬ ግን በአካል ሄጄ ላየው ፈለግኩ።

ከትናንት በስቲያ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ወይንሸት ደወለችልኝ።

«ሰብለ፣ አንድ ታካሚያችን የጠዋቱን ኢንሱሊን ሁለቴ ወስደው ወድቀው ነበር። አሁን ደህና ናቸው። መልእክቱ ነው ያዘዘኝ ይላሉ» አለችኝ። ኃላፊው ሰርቨሩ ይዘጋ ማለታቸውንም ነገረችኝ። «መልእክቱ ባይኖር የሚረሱ ብዙ ናቸው። እስከ ሐሙስ ታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው።»

ከገርጂ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቀጨኔ፤ በአራት ታክሲ ደረስኩ። የመጨረሻው ታክሲ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የወጣው። ከወረድኩ በኋላ ጠባቡን የኮብልስቶን መንገድ ተከትዬ ሄድኩ። በየደጃፉ ገና ያልተተኮሰ የሸክላ ድስት ለፀሐይ ተሰጥቷል። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ሁለቴ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

3፡15፣ ካርድ ክፍል

ሰርቨሩ ከካርድ መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ከአንድ የሻይ ፔርሙዝ አጠገብ ተቀምጧል። ላፕቶፔን አገናኘሁና ዋና ዋና ሴቲንጎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የክሊኒኩ ስም ልክ ነው። ሰዓቱም ልክ ነው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። መልእክቱ ካልደረሰ ሰርቨሩ ለምን ያህል ጊዜ ደጋግሞ ይሞክር የሚለው ላይ «ሦስት ቀን» ይላል። ቁጥሩን እኔ አልጻፍኩትም፤ ፕሮግራሙ ሲጫን ይዞት የሚመጣ ነው። አልነካሁትም ነበር።

የታካሚውን ቁጥር ፈለግኩ። ጋሽ ጴጥሮስ ይባላሉ፤ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። የወደቁበት ቀን መልእክት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተልኮላቸዋል፤ የደረሳቸው ግን ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው።

«ስልካቸው ተዘግቶ ነበር ማለት ነው» አልኩ።

«ሰፈሩ መብራት አልነበረውም» አለች ሲስተር።

ከአንድ ሰዓት በላይ የዘገየ መልእክት እንዲጣል አደረግኩ። ችግሩን ያገኘሁት መስሎኝ ላፕቶፔን ልዘጋ ስል ሲስተር ወይንሸት ጠየቀችኝ። «ሰው መልሶ ቢጽፍስ? የት ነው የሚገባው?»

የመልሶቹን ሴቲንግ ከፈትኩ። «ይቀመጥ» ይላል። ለማን ይተላለፍ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የተቀመጡትን ስከፍት ማያው ሞላ። «እግዜር ይስጥልኝ።» «መርፌ አልቆብኛል፣ የት ላግኝ?» ወረድ ብሎ ከጋሽ ጴጥሮስ ስልክ፣ በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ የተጻፈ አለ።

«ጠዋት ወግቻለሁ። ልድገም?»

ሲስተር ወይንሸት ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በዚያ ሰዓት እዚሁ ነበርኩ» አለች።

ባዶው ቦታ ላይ የክሊኒኩን የሥራ ስልክ ቁጥር አስገባሁ። አሥር ሴኮንድ አልፈጀም።

7፡30፣ ሽሮ ሜዳ

«ራስሽ ንገሪያቸው» ስላለችኝ አብረን በእግር ወደ ሽሮ ሜዳ ተሻገርን። ከገበያው ጥግ በመቶ ሃምሳ ብር አንድ ሽሮ ለሁለት በላን። ጋሽ ጴጥሮስ የሚሠሩት ከጋቢ ሱቆቹ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። እግራቸውን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አድርገው እየሸመኑ አገኘናቸው።

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ጠይቀው ነበር። የሚያነበው ሰው አልመደብኩም።»

መወርወሪያውን አስቀመጡ። «እኔማ ጠበቅኩ» አሉ። «መልስ ሲጠፋ አዎ ማለታቸው ነው ብዬ ወጋሁ። እዚሁ ክሩ ላይ ተደፋሁ። ባልደረቦቼ ናቸው ስኳር በጥብጠው ያጠጡኝ።» ከዚያ ጠየቁ። «አሁንስ ማነው የሚያነበው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሲስተር።

«እሁድስ?»

እሁድ ክሊኒኩ ዝግ ነው። እዚያው የጥጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፑን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኘሁ። ክሊኒኩ በተዘጋ ሰዓት ለሚጽፍ ሰው «ከተጠራጠሩ አይድገሙ፤ ይደውሉ» የሚል መልስና የተረኛ ነርስ ስልክ ቁጥር ወዲያው እንዲሄድለት አደረግኩ። ቃላቱን የመረጠችው ሲስተር ናት። ጋሽ ጴጥሮስም የራሳቸውን ጨመሩ። «የጠዋቱንም መልእክት አስተካክይው። ‹የጠዋቱን ካልወጉ› የሚል አስገቢበት።»

አስገባሁና ለሙከራ ላክሁላቸው። በአንድ ጣት እየፈለጉ «ወግቻለሁ» ብለው መለሱ። የሲስተር ኪስ ውስጥ ያለው የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ። ሁለት ክንድ እንኳ ሳይርቋት «አይድገሙ» ብላ ጻፈችላቸው። አነበቡና ስልኩን ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

11፡00፣ ቤት

ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎ አድርጌ ተመለስኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ። አንድን ሴቲንግ እንዳለ ስተወው ምንም ያልወሰንኩ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ መልስ ሲጠብቁ የቆዩት ግን እኔ በተውኩት ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የደንበኞቼን ዝርዝር አወጣሁ። መጀመሪያ ላይ ያለው ለወላጆች መልእክት የሚልክ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ለርዕሰ መምህሯ ደወልኩ።

«ወላጆች መልሰው ሲጽፉ ማነው የሚያነበው?» አልኳት።

«መልሰው ይጽፋሉ እንዴ?» አለችኝ።