የሸራው ስፌት

አሮጊቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እንግሊዝ አገር ኖርፎክ ወደሚገኘው ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ይመጣሉ። ግራጫ የዝናብ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ስማቸውን ለማንም ነግረው አያውቁም። መካኒኩ ኔቪል ወተት ጠብ ያደረገበት ሻይ ይቀዳላቸዋል። እሳቸው ግን በቀጥታ የሚሄዱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀማሪ አብራሪዎች ወደ ሠለጠኑባት አሮጌ አውሮፕላን ነው። መነጽራቸውን ያደርጉና ጭራዋን የሸፈነውን ሸራ ስፌት በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ።

ዛሬ ኔቪል፣ «እማማ፣ እንደዚህች ያሉ አውሮፕላኖች በዓለም ላይ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። አንድ ሀብታም ሁለት ቤት የሚገዛ ገንዘብ ልስጣችሁና ሽጡልኝ ቢለን እምቢ አልነው» አላቸው።

«ሁለት ቤት!» ብለው ሳቁ። «እኛ ሸራዋን የሰፋነው ሴቶች ግን ዋጋዋን የምናውቀው አብራሪዎቹ ልጆች ከእሷ በእግራቸው ሲወርዱ ነበር።»

«ሁሉም ወረዱ?»

«ሁሉም አልወረዱም። የእኔው ግን ወርዶ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሲያንኮራፋ ኖረ።»