የሰባተኛው ረድፍ ቀይ ጨርቅ

በሶላር ማመንጫው ግቢ ሠራተኛው ሁሉ «ማጭዴ» ይላታል። ሃምሳን ተሻግራለች፤ ሥራዋ በሶላር ሰሌዳዎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር በሞተር ማጨድ ነው። ሣሩ ከጉልበት ካለፈ ሰሌዳው ላይ ጥላ ይጥላል፤ ኃይሉም ይቀንሳል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። የማታውቀው ሌላ ነበር፦ ዝናብ በጠፋበት ወር ሰሌዳዎቹ ሥር ያለው ሣር ስለምን ይለመልማል?

አንድ ማለዳ ቁጭ ብላ አየች። ጤዛው በዘንባላው መስታወት ላይ እየተንሸራተተ ከታችኛው ጠርዝ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ብረትና መስታወት ምንጭ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል! ጠብታው ካረፈበት አበባ፣ ከአበባው ላይ ንብ።

ባለፈው ዓመት ማሽኗ የወፍ ጎጆ ላይ ወጥቶባት ከምላጩ ላይ አስኳል ጠርጋለች። ከዚያ ወዲህ ሞተሩን ከማስነሳቷ በፊት እያንዳንዱን ረድፍ በእግሯ ትዞራለች፤ ጎጆ ካገኘች በሰሌዳው እግር ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች። ዘንድሮ ሰባተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ድርጭት ዘጠኝ ዝንጉርጉር እንቁላል ታቅፋ ተገኘች። ጨርቁን አስራ ረድፉን ዘለለችው።

ማታ ለባሏ ስትነግረው ሳቀ።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው። አንቺ የተቀጠርሽው ለማጨድ ነው ወይስ ለማዋለድ?» ወዲያው ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ውልሽ የሚታደሰው በዚህ ወር አይደል እንዴ?»

በዚህ ወር ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣቱ አለቃ የውሉን ወረቀት ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ሰባተኛው ረድፍ እኮ ጫካ ሆነ! በምን አፌ ‹ሥራዋን ሠርታለች› ልበል?»

«ጫካ? ኧረ በጉልበትህ ለካው ልጄ። ጥላ የሚጥለውን ከፊት ከፊቱ በእጅ ማጭድ አንስቼዋለሁ። የተውኩት የሥሩን ነው።»

አለቃው ስልኩን አውጥቶ የስድስተኛውን ረድፍ ኃይል አየ፤ የሰባተኛውን አየ፤ ደግሞ የስድስተኛውን። ግንባሩን አከከ።

«እኩል ነው።»

«እንግዲህ ዝቅ በል፤ ቀስ ብለህ።»

ሱሪዬ ሳይል ተንበረከከ። ከሣሩ ውስጥ አንዲት ክብ ዓይን አፍጥጣ አየችው። ከክንፏ ሥር ካሉት እንቁላሎች አንዱ ተሰንጥቆ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል መንቁር ብቅ ጥልቅ ትላለች።

«ስንት ቀን ነው የሚቆዩት?» አለ በሹክሹክታ።

«እንደ ሰው ልጅ መሰሉህ? ላባቸው እንደደረቀ እናታቸውን ተከትለው እብስ ነው።»

አለቃው እዚያው እንደተንበረከከ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ማጭዴ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። እሱ ግን አልተነሳም፤ በሰሌዳው እግር ላይ የታሰረውን ቀይ ጨርቅ ዳሰሰና አጥሩን አሻግሮ አየ።

«እትዬ፣ ማዶ ያለው አዲሱ ማሳ ነገ በትራክተር ሊመነጠር ነው። ውስጡን ያየው ሰው አለ?»

«ማን ያየዋል?»

«ከዚያ ቀይ ጨርቅ ተርፎዎታል?»

ከሽርጧ ኪስ የአሮጌ ቀይ ሻሽ ቁራጭ መዝዛ አወጣች፤ ለሁለት ቀደደችና ግማሹን ሰጠችው።