ቀበሮው ቆሞ ሲያዳምጥ

ልጅ ሳለሁ ተረት ሁሉ መሐል መሐሉ ላይ ጸጥ የሚባልበት ይመስለኝ ነበር። ሌላ ሰው ሳያቋርጥ ሲያወራ ስሰማ «ይኼ ደግሞ ተረት አያውቅበትም» እያልኩ በሆዴ እታዘብ ነበር። ተረት የተማርኩት ከአባቴ፣ ከአባባ ነው፤ አባባ ደግሞ ቆም ቆም እያሉ ነበር የሚያወሩት።

ቤታችን መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ራቅ ብሎ ወደ ጓሳ ደጋ የተጠጋ የድንጋይ ቤት ነበር። ጣሪያው የጓሳ ሣር፣ በሩ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት፣ መስኮት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ቤት ነው። አባባ ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ቢሆኑም አገር የሚያውቃቸው በባና ሥራቸው ነበር። ባና ከበግ ጸጉር የሚሸመነው ያ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ የመንዝን ብርድ ያለ እሱ የቻለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ጸጉሩ ተሸልቶ ከመጣ በኋላ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በደጋን ይነደፋል። አባባ የደጋኑን ጅማት እየሳቡ ክምሩ ላይ ሲለቁት ድም ድም ይላል፤ ተጣብቆ የነበረው ጸጉር ይፈታና ይነፋል፤ በውስጡ የተሸሸገው አፈር፣ የደረቀ በጠጥና የሣር ድቃቂ ሁሉ አብሮ ይነሣል። ይህ ሥራ የሚሠራው ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነው። ደጅ ከሆነማ ነፋሱ ጸጉሩን ጠራርጎ ይወስደዋል።

ያኔ ማታ ማታ በጎቹ ከገቡ በኋላ እናቴ ኩበቱን ታነድና ኩራዙን ግድግዳው ላይ ታንጠለጥላለች፤ አባባ ደጋናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደምስ ከፍሙ አጠገብ ተደርድረን እንጠብቃለን። በኩራዙ ብርሃን ውስጥ ብናኙ ወርቅ መስሎ ሲንሳፈፍ ይታየኛል። ደምስ በመዳፉ ሊይዘው እየዘለለ ያስቀን ነበር። እናቴም ትስቅ ነበር። ምን እናውቃለን!

ተረታቸው ብዙ ነበር፤ እኛ ግን ደጋግመን የምናስወራቸው የቀበሮውንና የፍልፈሉን ነበር። ቀይ ቀበሮ ጓሳ ላይ ፍልፈል ሊያድን ይወጣል፤ ፍልፈሉ ከመሬት በታች ጉድጓዱን እየማሰ ይሸሻል፤ ቀበሮው ከላይ ይከተለዋል። አባባ እዚህ ሲደርሱ ደጋኑን ያስቀምጡና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ።

«አሁን ዝም። ቀበሮው ቆሞ እያዳመጠ ነው።»

እኛም ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን እንጠብቃለን። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። የኩበቱ ፍም ሲሰነጠቅ ይሰማል፤ ደጅ ከማደሪያው በኩል በግ ታስነጥሳለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ሰማው!» ይላሉ፤ እኛም በደስታ እንጮሃለን፤ ተረቱም ይቀጥላል።

ሳሉ መቼ እንደ ጀመራቸው አላስታውስም። እኔ ሳውቃቸው ያስሉ ነበር ማለት ይቀለኛል። አገሩ ሁሉ «ብርድ ነው» አለ፤ በእኛ አገር ሰው ቢያስል ሌላ ምን ይባላል? ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይዘው መጡ። ግድግዳውን በዓይናቸው ዞር ዞር ብለው አዩና እናቴን ተቆጧት።

«ይኼ ሁሉ ስንጥቅ እያለ እንዴት አይታመሙ? ነፋሱ እኮ ልክ ደረታቸው ላይ ነው የሚገባው! ድፈኚው እንጂ!»

እናቴ ደፈነችው። በድንጋዩ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ለፈትል በማይሆን ቁርጥራጭ ጸጉር ወትፋ በእበት መረገችው። አባባ ሳላቸው በጠናባቸው ቁጥር እሷ አንድ ቀዳዳ ፈልጋ ትደፍናለች። መጨረሻ ላይ በበሩ ሥር የምትገባውን የብርሃን መስመር እንኳን በጆንያ ዘጋቻት። አባባም በዚያ በታፈነ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ጸጉራቸውን ይነድፋሉ፤ እናቴ ሞቅ አላቸው ብላ ደስ ይላታል።

በዚያው ዓመት ክረምት ገበሬ ማኅበሩ ለግንባር የሚላክ ባና አምጡ አለ። ለየቤቱ ተደለደለ፤ ሙያ ላለው ሰው ደግሞ ድርሻው በዛ። አባባ በስብሰባው ላይ ተነሥተው፣ ጉሙ እስኪገፈፍ ጸጉሩ ታጥቦ ሊደርቅ አይችልም፣ ጊዜ ይሰጠን አሉ። ሊቀ መንበሩ «እናት አገር የጓሳ ጉም እስኪነሣ ቁጭ ብላ አትጠብቅም!» አለ። አጨብጭቡ ተባለ፤ አጨበጨብን። ከዚያ በኋላ አባባ ጸጉሩን ሳይታጠብ፣ ከነአፈሩ ከነበጠጡ እሳት ዳር እያደረቁ፣ ከጧት እስከ ማታ ይነድፉ ጀመር። ብናኙ ከመወፈሩ የተነሣ ኩራዙ የራቀ ይመስል ነበር።

መስከረም ሲጠባ አባባ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት መውጣት አቃታቸው። ከንፈራቸው ጠቆረ፤ ከአልጋ እስከ በር ሲራመዱ እንኳን ግድግዳ ይይዛሉ። በቅሎ ተለመነና እናቴ መሐል ሜዳ ክሊኒክ ወሰደቻቸው፤ ስንቅ እንድይዝ እኔም ተከተልኩ።

ጤና ረዳቱ ወጣት ነበር። አባባን ሸሚዛቸውን አስወልቆ የማዳመጫውን ጫፍ ጀርባቸው ላይ አሳረፈና ጸጥ አለ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቆሞ ያዳምጣል። ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ። የሚሰማውን ነገር ባይሰማው ብዬ እመቤታችንን ለመንኳት።

«አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለ ቀና ብሎ።

«ገበሬ ነኝ ልጄ። ባናም እሠራለሁ።»

«ጸጉሩን የሚነድፉት የት ነው?»

አባባ ሳይመልሱ እናቴ ቀደመች። «ቤት ውስጥ ነዋ! ነፋስ እንዳይነካቸው ቀዳዳውን ሁሉ እኔው ነኝ በእጄ የደፈንኩት። በሩንም እዘጋላቸዋለሁ» አለች። በባለሙያነቷ እንዲያመሰግናት ትጠብቅ ነበር።

ጤና ረዳቱ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ጠቀለለና ቀስ ብሎ ተናገረ። «እትዬ፣ ይኼ ብርድ አይደለም። ብናኙ ነው። ትልቅ ትልቁ አፍንጫ ላይ ይቀራል፣ በአክታም ይወጣል። ደቃቁ ግን ሳል የማያወጣው ቦታ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ሳንባውን ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ደግሞ አየር አይዝም፣ አይነፋም። በየቀኑ ሲደጋገም የሚተነፍሱበት ቦታ እያነሰ ይሄዳል።»

«መድኃኒቱስ?» አለች እናቴ።

«ጠባሳውን የሚመልስ የለም። የቀረችውን ትንፋሽ ለማቆየት ከብናኙ ይራቁ። ጭሱም አይሆናቸውም። ቤቱን ክፈቱት።»

በመመለሻችን እናቴ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ከፊት ከፊት ሄደች። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ሰማኋት፤ «በእጄ» አለች። እንደ ደረስን ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ ዶማ አንሥታ የመረገችውን እበት ሁሉ መፈርፈር ጀመረች። ነፋሱ በስንጥቁ ሁሉ ገባ፤ ፍሙ ቀላ፤ እኛ በብርድ ተንቀጠቀጥን። እሷ እያለቀሰች ትፈረፍራለች።

አገር ጉድ አለ። እትዬ አስካለ መጥተው «ኧረ በእመብርሃን! ሰውዬውን በነፋስ ልትጨርሻቸው ነው?» ብለው ጮሁባት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ሲወጣ አዝኖ በሩን ይዘጋል፤ እናቴ ተነሥታ ትከፍታለች። ባናው ግን አልቀረልንም። ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄዳ እግሩ ላይ ወደቀች፤ አዝኖ ሰማት፤ ድርሻው ግን ድርሻ ነው አላት። ስለዚህ ደጋኑን ራሷ አነሣች። ደጅ በበጎቹ ማደሪያ ካብ ጥግ ተቀምጣ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ጠምጥማ ትነድፋለች፤ ነፋሱ ጸጉሩን ወደ ገብሱ ማሳ ሲበትነው እኔና ደምስ እየሮጥን እንለቅማለን። አባባ ድምፁን ከውስጥ ሲሰሙ ግድግዳ ተደግፈው በር ላይ ብቅ አሉ።

«ተይ» አሏት። «አንድ ሰው ይበቃል።»

እሷ ግን አልተወችም።

ኅዳር ላይ፣ ውርጩ በጧት ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ አባባ ከተከፈተው በር አጠገብ የገዛ ባናቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ገና መምሸቱ ነው። ደምስ የቀበሮውን ተረት ካልነገሩኝ ብሎ አስቸገረ። ጀመሩለት። ቀበሮው ከዋሻው ወጣ፤ ቆሞ አዳመጠ። ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ቆሞ አዳመጠ። ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ ደግሞ ቆመ።

«ይኼ ቀበሮ ዛሬስ አበዛው!» አለ ደምስ።

አባባ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ተረት ውስጥ ቀበሮው የሚያዳምጠው ነገር ኖሮ አያውቅም። አባባ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እንዳንፈራ ብለው ነበር ቀበሮውን የሚያቆሙት። ስንት ዘመን ሙሉ ደስ ብሎን እልል ያልንለት ዝምታ አየር የሚለምኑበት ነበር። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ እሪ ብዬ ማልቀስ ፈለግሁ።

ደምስ እንደገና አፉን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ዝም በል» አልኩት። «እያዳመጠ ነው።»

አባባ ቀና ብለው አዩኝ። እንዳወቅሁባቸው አወቁ። ከባናው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ራሴ ላይ አደረጉት። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ያን ማታ «ሰማው» ሳይሉ ቀሩ፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ገብሱ ሳይታጨድ ሞቱ፤ በጧት፣ በሩ ተከፍቶ። እናቴ ከዚያ በኋላ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያንን በር ሙሉ በሙሉ ስትዘጋው አላየኋትም፤ የመንዝ ብርድ አጥንት ድረስ ሲገባ እንኳን አንድ ክንድ ያህል ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች።

አሁን ተረቱን ለልጆቼ እነግራለሁ። እኔ ደረቴ ደኅና ነው፤ ዳገት እወጣለሁ፣ ሳልቆም ማውራት እችላለሁ። አንድ ቀን ልሞክረው ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላቋርጥ ነገርኳቸው። ምድጃ ላይ የጣድኩት ውኃ እንኳን ሳይሞቅ አለቀ። ደነገጥኩ። ያ ሙሉ ማታ የሚፈጅብን ተረት ለካ ይህችን ታህል ነበረች፤ የቀረው ሁሉ የአባባ ትንፋሽ ነበር።

ትንሿ ልጄ ቅር ብሏት አየችኝና «እማዬ፣ ቀበሮው ዛሬ አላዳመጠም እንዴ?» አለችኝ።

ተነሥቼ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጌ ከፈትኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።