ፈንታሁን ያላነበበው ጥራዝ

መካነ ሰላም ውስጥ ሂሳብ ማለት መምህር ፈንታሁን ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት፤ ቀልድ አይደለም። ታዲያ ያቺ ትናንት ከፊቱ ተቀምጣ የተማረች ሙሉሐረግ አስተማሪ ሆና እዚያው ትምህርት ቤት ተመደበችና እንቅልፍ ነሳችው። መልመጃ ታዘጋጅና ዋናውን ቅጂ ሃሩን የሚባል ፎቶ ኮፒ ቤት ትተወዋለች፤ ተማሪው ሄዶ ኮፒ ያስደርጋል። የእሱ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ! ከጎረቤት ወረዳ ከከላላ የሚመጡት እንኳ «የሙሉሐረግ አለ ወይ?» ይላሉ። የፈንታሁንን የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ቅናት አንጀቱን በላው። እንዲያው ምን አላት? በሃሩን ቤት ሲያልፍ የመልመጃዋን ጥራዝ ውፍረት በዓይኑ ይለካል እንጂ አንድ ገጽ ገልጦ አላየም፤ ማንበቡ ውርደት መሰለው። «ይህን ያህል ከራሷ አታወጣም። የሰው መጽሐፍ ሙልጭ አድርጋ ገልብጣ ነው» አለ። ሕጉን ደግሞ ያውቃል፤ ለክፍል ማስተማሪያ ጥቂት ገጽ መቅዳት ይቻላል፣ ያውም የባለቤቱን ስም ጠቅሶ፤ መጽሐፍ ሙሉውን መገልበጥ ግን ክልክል ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያን ቀን ምሳው ሁሉ ጣመው። ሄዶ ለርዕሰ መምህሩ ለአሕመዲን ከሰሳት፤ ጥራዙ ይታገድልኝ አለ።

አሕመዲን ሁለቱንም ጠርቶ ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «በሉ ጋሽ ፈንታሁን፣ የማን መጽሐፍ እንደሆነ ያሳዩን።»

ገለጠው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «መልመጃዎቹ መምህሬ ፈንታሁን አሥረኛ ክፍል ሲያስተምሩኝ ከጻፍኩት ደብተር የተወሰዱ ናቸው» ይላል። ጥያቄዎቹን አየ፤ ሁሉም ከገዛ እጁ የወጡ ናቸው።

«ሳላስፈቅድዎ ማባዛቴ ጥፋት ነው፤ ፈርቼዎት ነው» አለች ሙሉሐረግ አንገቷን ደፍታ። «አይሆንም ካሉኝ ዛሬውኑ ከሃሩን ቤት አነሳዋለሁ።»

«ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያሉት ይሆናል» አለ አሕመዲን።

የፈንታሁን ልብ ሊያርፍ ይገባ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። መጽሐፍ ሰርቃ ቢሆን ይሻለው ነበር። ያው ጥያቄ፣ ያው ቁጥር፤ እሱ ሲያስተምረው ተማሪ ሲያዛጋበት ኖረ፣ እሷ ስትነካው ልጅ ይሻማበታል። «አይሆንም» ሊል ምንም አልቀረው።

«ይቀጥል» አለ በመጨረሻ። «ግን ነገ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍልሽ ገብቼ ኋላ እቀመጣለሁ።»

ሊገመግማት የሚመጣ መሰላትና ክው አለች። እሱ ግን የሚመጣው ደብተር ይዞ፣ እንዴት እንደምታስረዳው ሊማር ነበር።