የአባቴ ጉድባ

አባቴ በሴፍቲኔት ታቅፎ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለው ተራራ ላይ ጉድባ ይቆፍር ነበር። ስንዴና ዘይት የምናገኘው በዚያ ሥራ ነው። ጉድባው የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ወደ መሬት እንዲያሰርግ እስከ ጭን መጥለቅ ነበረበት። የአባቴ ድርሻ ግን ከጉልበት አላለፈም፤ ወገቡን ያመው ነበር፣ ትንሽም ሰነፍ ነው። የግብርና ባለሙያው በሰው ፊት፣ "ይኼ ጉድባ ነው ወይስ ዶሮ የሚታጠብበት?" ብሎ ሲያሳፍረው እኔም አብሬ ስቄበታለሁ።

ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔም ቤት ገባሁ። አንድ ቀን ጠዋት ታጣቂዎች መንደራችን መጡ። አዛዣቸው ተራራው ላይ የተደረደሩትን ጉድባዎች አይቶ፣ "ይህን ምሽግ ለማን ነው የቆፈራችሁት?" አለ። አባቴ ወደ ፊት ወጣ። ያ ፈሪ አባቴ፣ ጅብ ሲጮኽ በሩን ደጋግሞ የሚፈትሸው ሰውዬ!

"ወላሂ ጌታው፣ የውሃ ነው። ኑ፣ ላሳያችሁ።"

ጠመንጃ ከኋላው ደግነውበት ሽቅብ ወጡ። እኔና እናቴ ከታች ቆመን እናያለን። ጥቂት አልፈው ቢሄዱ የጎረቤቶቻችን ጥልቅ ጉድባዎች አሉ፤ ሰው ተደብቆ የሚተኩስባቸው ነው የሚመስሉት። ያ ረቢ፣ እነዚያን አታሳያቸው እላለሁ በሆዴ። አባቴ የራሱ ጉድባ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አዛዡ ግባ ብሎ በእጁ አመለከተው። እናቴ የሻሿን ጫፍ ነከሰች። እዚያው ሊረሽኑት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ተኩስ ስጠብቅ የሰማሁት ሳቅ ነው። ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ጉድባው ውስጥ ተገትሯል፤ አፈሩ ከጉልበቱ አላለፈም። "ጌታው፣ ይኼ እኮ ዶሮ የሚታጠብበት ነው፤ ማንን ይደብቃል?" እንዳላቸው ኋላ ነገረን። ትተውት ወረዱ።

ሰላም ሆኖ ሥራው እንደገና ሲጀመር ያው ባለሙያ መጣ። "አባባ፣ ዘንድሮስ እስከ ጭን ያድርሱት" አለው። አባቴ እሺ ብሎ ቆፈረ። አፈሩ ከጉልበቱ ሲያልፍ ግን ዶማውን ጥሎ ወጣና ዳር ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ከታች ወደ መንደር ከሚያስገባው መንገድ ላይ አልነቀለም።

"ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ስቆም ይመጣሉ" አለኝ።

በዚህ ጊዜ አልሳቅኩም። ዶማውን አንስቼ ገባሁና የቀረውን እኔ ቆፈርኩ፤ በየመሃሉም ቀና እያልኩ መንገዱን አይ ነበር።