ከሞጣ ቢቸና የሄደ ጠላ

እናቴ በሞተች በዓመቷ የማኅበሩ ሙሴ ስልክ ደወሉልኝ። ሙሴ የምንለው የማርያምን ጽዋ ማኅበር የሚመሩትን ነው፤ እኒህኛው ቢቸና ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ የእናትሽ ተራ ደርሷል። አንቺ ደግሞ ሞጣ አስተማሪ ነሽ፤ መንገዱ ያደክምሻል። ሁለት ሳጥን ቢራ ላኪልንና የእሷን ቦታ በክብር እንዝጋው» አሉኝ።

እንዝጋው ማለታቸው አንጀቴን አቃጠለው። እናቴ ለዚያ ማኅበር ፀጉሯ እስኪሸብት ጠምቃለች። በእኛ ዘንድ እናት ስትሞት ቦታዋን ልጅ ይወርሳል፤ የሚዘጋው ልጅ የሌላት ሴት ቦታ ነው። እኔ ደግሞ አለሁ።

«ጠላውን ራሴ ጠምቄ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው። «እንግዲህ እናያለን» ብለው ዘጉት።

ንዴቴን ጠላው ላይ ተወጣሁት። ጋን ከጎረቤት ተውሼ በወይራ አጠንኩ፤ ገብሱን ራሴ ቆላሁ፤ ብቅሉንም ጌሾውንም አልሰሰትኩም። ሲደርስ ቆሜ ቀመስኩት፤ ሁለት ጉንጭ ሳልጨርስ ወንበር ፈለግሁ። እናቴ ጠላ ማለት ጠጪውን የሚያስቀምጥ ነው ትል ነበር።

ወሩ በገባ በሃያ አንድ፣ በማለዳ፣ ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ክዳናቸውን ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅሁት። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። እናቴ ድፍድፉን ጋን ውስጥ ስታስቀምጥ አፉን በጭቃ መርጋ፣ ትንፋሽ ሳታስወጣ ትዘጋው ነበር፤ እኔም ጀሪካኑን እንደ ጋን ቆጠርኩት። የደረሰ ጠላ አውቶቡስ ላይ ሲናጥ ምን እንደሚሆን አላሳየችኝም። እሷ ጠላዋን ከግቢዋ አስወጥታ አታውቅም።

ደብረ ወርቅን አለፍ እንዳልን አንደኛው ፈነዳ። ክዳኑ ጣሪያውን መታ፤ ጠላው ተሳፋሪው ላይ ወረደ። ረዳቱ እየተሳደበ መጣና «በይ ከነጀሪካንሽ እዚሁ ውረጂ» አለኝ።

«ትኬቴ ቢቸና ይላል፤ ቢቸና ነው የምወርደው» አልኩት። የሁለተኛውን ክዳን ቀስ አድርጌ አስተነፈስኩና ታቅፌው ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ ባልቴት ነጠላቸውን እየጨመቁ «ማርያምን፣ ሽታውስ ደግ ነው» አሉ።

ቢቸና ስደርስ ሙሴ ማኅበሩ በተሰበሰበበት ቤት በር ላይ ነበሩ። ከባጃጅ የወረደውን አንድ ጀሪካን አዩ፤ ሌላው ክዳኑ ጠብቆ መንገድ ላይ መፈንዳቱን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ለዚህ ሁሉ ሰው አይበቃም። ቢራ ይምጣ፤ ካልሆነም ውሃ ጨምረሽ አብዢው።»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አባቴ፣ እናቴ በውሃ ያበዛችውን ጠላ ጠጥተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ፊታቸውን አዙረው ቀድመውኝ ወደ ውስጥ ገቡ። የማኅበሩ ቄስ ጠላውን ባረኩ፤ እኔም ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ግማሽ ዋንጫ ቀዳሁ። ሙሴ የራሳቸውን ጨልጠው ዋንጫውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ተራ የሚደለደልበት ሰዓት ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ሊቆሙ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አያቸው ነበር።

እንደተቀመጡ «የከርሞውን ይህንኑ ወር ለልጇ ያዙላት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ክዳኑን ግን ላላ አድርጊው» አሉኝ።

«ክዳኑን አላላዋለሁ» አልኩ። «ውሃ ግን አልጨምርም።»