የተገለበጠው ሳፋ

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። አራቱንም ጎማዎቿን ሞተር የሚያዞራቸው፣ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ የውድድር መኪና አለችው። አምና ሪሞቱን ሳይከፍት መኪናዋን ቢያበራት አምልጣ የእናታችንን ቁርጭምጭሚት አቆሰለች። ከዚያ ወዲህ ሊያበራት ሲል ጎማዎቿ ተንጠልጥለው መሬት እንዳይነኩ በሆዷ የተገለበጠ ትንሽ ሳፋ ላይ ያስቀምጣታል።

ዛሬ ከእናታችን ጋር በመጣንበት የውድድር ቦታ ለአባጣ ጎርባጣው መንገድ ሞላዎቿን አስተካክሎ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ ሰው ብጎዳስ? ብንመለስ ይሻላል» አለኝ።

ተወዳዳሪዎቹ ሳፋውን አይተው፣ «ጋሼ፣ ሊያጥቧት ነው እንዴ?» አሉት።

ወንድሜ መኪናዋን ሳፋው ላይ አስቀምጦ አበራት። ጎማዎቿ አየር ላይ ተሽከረከሩ። ከፍርሃቱ ብዛት ሪሞቱን መክፈት ዘንግቶ ኖሯል! ከፊቷ እናታችን ተቀምጣለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ተመስገን!» አለች እናታችን። «በል ልጄ፣ አሁን ሪሞቱን ክፈትና ሂድ ተወዳደር።»